ሰውን አውሬ ያለው ማን ነው?

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከባሕር ማዶ፥ ከአሜሪካ አገር፥ አንድ ምእመን ደብዳቤ ጻፈልኝ። ይህ ሰው በልጅነታችን አብሮኝ ፊደል የቈጠረ፥ ዛሬም በሚኖርበት ከተማ ባለችው ቤተ ክርስቲያን በየሰንበቱ የሚያገለግል ነው። የጻፈልኝ ስለ ልጁ ነበር። ልጁ 20 ዓመቱ ነው፤ ቀን ቀን ይማራል፥ ሌሊት ሌሊት በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይጽፋል። ድርሰቱንም በብዕር ስም ራሱ አሳትሞ በኢንተርኔት ሲሸጥ አባትየው ደረሰበት። መጽሐፉ ሌሊት ሌሊት ወደ ተኩላ ስለሚለወጥ አንድ ጐልማሳና ይህ ጐልማሳ ስለሚወደው ሌላ ወንድ የሚናገር ነው። አባትየው ብዙ ካዘነ በኋላ ደብዳቤውን በሁለት ጥያቄ ፈጸመው፤ «አባቴ፥ መጽሐፉን ላቃጥለው ወይ? ልጁንስ ከቤቴ ላስወጣው ወይ?»

ደብዳቤውን አንብቤ ፈጥኜ ልመልስ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የታወቀ ነውና፤ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የሚፈጸም ምሥጢር መሆኑን፥ ከዚህ ውጭ ያለውንም የሥጋ ግንኙነት እንደማትባርክ ከአባቶቻችን ተቀብለን እናስተምራለን። እኔም ይህን ትምህርት ለመሸሸግ ወይም ለማለዘብ ብዕር አላነሣሁም። ነገር ግን ደብዳቤውን ዳግመኛ ሳነበው ሰውዬው የጠየቀኝ ስለ ጋብቻ እንዳልሆነ አስተዋልሁ። እርሱን ያውቀዋል። የጠየቀኝ ስለ መጽሐፍና ስለ ልጅ ነው። የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን መመለስ የመምህር ሥራ አይደለም። ስለዚህ ቀን ወስጄ ስለ እነዚህ ድርሰቶች ጠየቅሁ፤ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ወጣቶች መምህራንም እየረዱኝ የተቻለኝን ያህል ተረዳሁ። ያገኘሁትን ለካህናትና ለምእመናን ማካፈል የወደድሁት እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ነገ ለሌላው ካህን መድረሱ ስለማይቀር ነው።

በምዕራቡ ዓለም የፍቅር ልብ ወለድ የሚባለው የድርሰት ዓይነት የራሱ ሕግ አለው። ታሪኩ ስለ ሁለት ሰዎች ፍቅር መሆን አለበት፤ ፍጻሜውም ደስታና ተስፋ ያለበት መሆን ይገባዋል። ከእነዚህም ድርሰቶች መካከል ተዋናዮቹ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ብቻ ያልሆኑባቸው ብዙዎች ናቸው። አንዱ የሰው ደም እየመጠጠ ሞትን የሚያመልጥ፥ አንዱ ወደ ተኩላ የሚለወጥ፥ አንዱ አስማተኛ፥ አንዱም የሙት መንፈስ ይሆናል። ከእነዚህም ደግሞ ፍቅሩ በሁለት ወንዶች ወይም በሁለት ሴቶች መካከል የሆነባቸው አሉ። አሁን የምናገረው ስለ እነዚህ ነው።

ይህ ነገር ትናንት የተጀመረ አይደለም። (ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በ1819 ዓ.ም. ጆን ፖሊዶሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ደም መጣጭ መኰንን አጭር ታሪክ አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ደም መጣጩ በእንግሊዝኛ ድርሰት ውስጥ ቤት ሠራ። በ1872 ዓ.ም. የአየርላንዱ ደራሲ ሼሪዳን ለፋኑ «ካርሚላ» የተባለውን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ። በዚህ ታሪክ ደም መጣጯ ሴት ናት፤ የምትወዳትም አንዲት ልጃገረድ ናት። በመጨረሻም መቃብሯ ተከፍቶ፥ ልቧ በእንጨት ተወግቶ፥ አንገቷም ተቈርጦ ትጠፋለች። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው የአየርላንድ ሰው ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን አሳተመ። ከዚህ ሁለት ዓመት ቀድሞ፥ በ1895 ዓ.ም.፥ ስቶከር የሚያውቀው የአገሩ ልጅ ደራሲው ኦስካር ዋይልድ ከወንዶች ጋር ባደረገው ግንኙነት ለንደን ላይ ተከሶ ሁለት ዓመት እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈርዶበት ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዝንባሌ በልቡ ያለበት አንባቢ በመጻሕፍት ውስጥ ራሱን ሲፈልግ የሚያገኘው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይም ዝምታን፥ ወይም ልቡ በእንጨት የሚወጋ አውሬን። ኢ. ኤም. ፎርስተር የተባለው ታላቅ እንግሊዛዊ ደራሲ የሁለት ወንዶች ፍቅር በደስታ የሚፈጸምበትን «ሞሪስ» የተባለ ልብ ወለድ በ1913 እና በ1914 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። ነገር ግን በሕይወቱ ሳለ ሊያሳትመው አልደፈረም፤ መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ነው። አንድ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ከ50 ዓመት በላይ በሣጥን ቈልፎ መኖሩን ልብ እንበል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስደንቅ ነው። አውሬ የተባሉት ሰዎች የአውሬውን ልብስ ራሳቸው አንሥተው ለበሱት። «አውሬ ካላችሁን፥ እንግዲያስ አውሬው ምን እንደሚያስብ እንነግራችኋለን» ያሉ ይመስላሉ። ከእነዚህ ጸሐፊዎች ስለ ሁለቱ ጥቂት ልናገር።

የመጀመሪያዋ አን ራይስ ናት። በ1941 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወልዳ በካቶሊክ ሥርዓት አደገች፤ በወጣትነቷም ሃይማኖቷን ተወች። በ1972 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጇ በደም ካንሰር ሞተችባት። በ1976 ዓ.ም. ያሳተመችው ስሟን ያስጠራው መጽሐፍ ለዘለዓለም ሕፃን ሆና ስለምትቀር አንዲት ደም መጣጭ ልጅና እንደ አባት ስላሳደጓት ሁለት ወንዶች የሚናገር ነው። ደሟ ታምሞ የሞተች ልጅ ያላት እናት በደም ምክንያት የማትሞት ሕፃን ስትጽፍ ይህ መጽሐፍ ከልቅሶ ቤት እንደ ወጣ መረዳት አያስቸግርም። ይህች ሴት በ1998 ዓ.ም. ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰች፤ በ2005 ዓ.ም. ስለ ጌታችን ሕፃንነት የሚናገር ልብ ወለድ አሳተመች። በ2010 ዓ.ም. ግን በክርስቶስ ማመኗን ሳትተው ከቤተ ክርስቲያኒቱ መለየቷን በአደባባይ አስታወቀች። ከሰጠቻቸውም ምክንያቶች አንዱ ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደዚህ ያለ ዝንባሌ ስላላቸው ሰዎች የያዘችው አቋም ነበር፤ ራሱ ደራሲ የሆነው ወንድ ልጇም ከእነርሱ አንዱ መሆኑን ሳይሸሽግ የሚኖር ነው። አን ራይስ በ2021 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለየች። ትክክል አደረገች ወይስ አላደረገችም ብዬ እዚህ አልፈርድም፤ ነገር ግን አንዲት እናት በልጇና በቤተ ክርስቲያን ደጅ መካከል ቆማ መጨነቋን ያላየ ካህን የእኔን ወዳጅ ደብዳቤ ሊመልስ አይችልም።

ሁለተኛይቱ ጁዌል ጎሜዝ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በ1991 ዓ.ም. «የጊልዳ ታሪኮች» የተባለውን መጽሐፏን አንድ አነስተኛ፥ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ነጻ የሆነ አሳታሚ አወጣላት። ታሪኩ በ1850 ዓ.ም. በሉዊዚያና ከባርነት አምልጣ በምትሸሽ ልጃገረድ ይጀምራል። ልጅቱን ያስጠጓትና እንደ ራሳቸው ያደረጓት ደም መጣጭ ሴቶች ናቸው። ነገር ግን እነዚህ የሚኖሩበት ሕግ አላቸው፤ ሰው አይገድሉም። ከተኛ ሰው ጥቂት ደም ሲወስዱ በምትኩ ለዚያ ሰው የሚያስፈልገውን ሕልም ወይም ተስፋ በልቡ አኑረውለት ይሄዳሉ። እኔ ይህን ስሰማ፥ በዚያ ታሪክ ውስጥ እውነተኛው ደም መጣጭ ማን እንደ ሆነ ራሴን ጠየቅሁ። በሌሊት የሚዞሩት ሴቶች ናቸውን? ወይስ በጠራራ ፀሐይ ሰውን እንደ ከብት ገዝቶ ላቡንና ደሙን የሚመጥጠው፥ በእሑድ ቀንም ወደ ጸሎት ቤት የሚሄደው ጌታ?

ከእነዚህ ሁለቱ ወዲህ መንገዱ ሰፋ። በ2007 ዓ.ም. አማዞን የተባለው ኩባንያ ኪንድል የሚባለውን የማንበቢያ መሣሪያ ሲያወጣ፥ ማንም ሰው የአሳታሚ ፈቃድ ሳይጠብቅ ድርሰቱን በቀጥታ የሚሸጥበትን በር ከፈተ። መጽሐፉ ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ቢሸጥ በአብዛኛው 70 ከመቶው፥ ዋጋው ከዚህ ቢያንስ ወይም ቢበዛ 35 ከመቶው ለደራሲው ይደርሳል። ስለዚህ ትልልቆቹ አሳታሚዎች አንባቢ የለውም ያሉትን ድርሰት ዛሬ ጸሐፊው ራሱ ያወጣዋል። ደራሲውም አራሚውን የሚፈልገውም ሽፋኑን የሚያሠራውም ነጋዴውም እርሱ ነው። ቀን በሌላ ሥራ ውሎ ሌሊት የሚጽፍ፥ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በነጻ ወይም በ99 ሳንቲም ሰጥቶ በሁለተኛውና በሦስተኛው አንባቢ ይመለስልኛል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ነው። ብዙዎቹም የሚጽፉት በብዕር ስም ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ብዙ ጊዜ ስማቸውን ይሰውሩ የነበረው ስለ ትሕትና ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሰውሩት ግን አባት እንዳያይባቸው፥ አሠሪ እንዳይሰማባቸው ፈርተው ነው።

እነዚህን ድርሰቶች በፍርድ ሚዛን ላይ ስናኖራቸው ጕድለታቸውን አለመናገር አይገባም። እኔ ሦስት አይቻለሁ።

አንደኛው፥ ትንሣኤ የሌለበት ዘለዓለማዊነት ነው። ደም መጣጩ አይሞትም፤ ነገር ግን ያው ሥጋ፥ ያው ረኀብ፥ ያው ሌሊት ሳይለወጥ ይቀጥላል። ቤተ ክርስቲያን ተስፋ የምታደርገው ሞትን መሸሽን ሳይሆን ሞት ድል መነሣቱን ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ17ኛው ምዕራፍ ደም መብላት የተከለከለው ሕይወት በደም ውስጥ ስላለች ነው፤ የሌላውን ሕይወት ወስዶ መኖር ለፍጡር አልተፈቀደምና። ጌታችን ግን የሌላውን ደም ወስዶ አልኖረም፤ የራሱን ደም ሰጥቶ ሌላውን አኖረ እንጂ። ደም መጣጩ የምሥጢረ ቍርባን ግልባጭ ሆኖ የሚታየውም በዚህ ነው።

ሁለተኛው፥ በተኩላ ታሪኮች ዘንድ የተለመደ አንድ አሳብ ነው። ተኩላው የሚወደው ሰው አስቀድሞ ተወስኖለታል፤ በሽታው ብቻ ያውቀዋል፥ ከዚያም እምቢ ማለት አይችልም ይላሉ። ይህ ፍቅርን ከፈቃድ ይለየዋል። የሰው ክብሩ ግን ነጻ ፈቃዱ ነው፤ እምቢ ሊል የማይችል ሰው እሺ ቢል እሺታው ምንድር ነው?

ሦስተኛው፥ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ የሥጋን ፍትወት ለመሸጥ ብቻ የተጻፉ መሆናቸው ነው። ይህ ፍርድ ግን ስለ ወንድና ሴት ፍቅር ለተጻፉትም እኩል የሚሠራ ነው። የመጀመሪያውን በሹክሹክታ ሁለተኛውን በጩኸት የሚነቅፍ ሰው የሚጠላው ኃጢአቱን ሳይሆን ሰውየውን እንዳይሆን ራሱን ይመርምር።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን ሌላውንም ወገን መናገር አለብኝ። ከእነዚህ መጻሕፍት ሥር ያለው ረኀብ ምን እንደ ሆነ ስፈልግ ሦስት ነገር አገኘሁ፤ አለመሞት፥ ሳይሸሽጉ መታወቅ፥ ከተጣሉበትም ወጥቶ ቤተ ሰብ ማግኘት። ይህን ስጽፍ ደነገጥሁ። ትንሣኤ ሙታን የእኛ ትምህርት አይደለምን? ሳይሸሽጉ መታወቅስ የንስሓ አባት ያለው ሰው ዕድል አይደለምን? ባዕዳን ወንድማማች የሚሆኑበትስ ማኅበረ ክርስቲያን አይደለምን? እንግዲህ በእኛ ቤት ያለውን እንጀራ እነዚህ ሰዎች በአውሬ ማዕድ የሚፈልጉት ስለ ምንድር ነው?

«ክርስቲያን ሆይ፥ እንዲህ ያለውን ተረት ማንበብስ ይገባልን?» የሚለኝ ይኖራል። ቅዱስ ባስልዮስ ወጣቶች የአረማውያንን መጻሕፍት እንዴት ማንበብ እንዳለባቸው ሲያስተምር በንብ መስሎ ተናግሯል፤ ንብ ወደ አበባ ሁሉ እኩል አትሄድም፥ ካረፈችበትም የሚያስፈልጋትን ብቻ ወስዳ ሌላውን ትተዋለች። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና የአሕዛብን ባለቅኔ ቃል ጠቅሶ ወንጌልን ሰብኳል። የእኛም አባቶች የእስክንድርን ታሪክ ከባዕድ ተቀብለው በግእዝ ሲያኖሩት እግዚአብሔርን የሚፈራ ንጉሥ አድርገው ነው። የአውሬ ታሪክማ በራሳችን መጻሕፍት ሞልቷል። በገድለ ሐዋርያት እንድርያስንና በርተሎሜዎስን የተከተለው ሰው ፊቱ የውሻ፥ ምግቡም የሰው ሥጋ ነበር፤ ሐዋርያት ግን አብሯቸው እንዲሄድ አደረጉት እንጂ አላባረሩትም።

ከሁሉ ይልቅ በላዔ ሰብእን እናስብ። በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል የዚህን ሰው ታሪክ ያልሰማ ምእመን ማን ነው? 78 ነፍስ የበላ፥ የገዛ ቤተ ሰቡንም ያልማረ ነው። ከደም መጣጮች ሁሉ የሚከፋ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን በቍስል የተመታ አንድ ድኻ በእመቤታችን ስም ውኃ ቢለምነው በጥርኙ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ያ ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ መዘነለት። ይህ ታሪክ ኃጢአትን ለማቅለል አልተጻፈም፤ 78ቱን ነፍስ ማንም ምንም አይደለም አላለም። የተጻፈው በአውሬው ውስጥ ሰው እንዳለ፥ ያን ሰው የሚያይ አማላጅና የሚምር አምላክ እንዳለ ለማስተማር ነው። እኛ ይህን ታሪክ በየዓመቱ በዕልልታ እንሰማዋለን። ምሕረቱ ለበላዔ ሰብእ ሲሆን እናለቅሳለን፤ ለጐረቤታችን ልጅ ሲሆን ግን ሚዛኑን ከመልአኩ እጅ ነጥቀን ራሳችን እንይዘዋለን።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ እውነት መናገር ይገባኛል። ሰውን አውሬ ማለት ከምዕራብ የመጣ ነገር አይደለም። ሸክላ ሠሪውን፥ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን «ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ያልን እኛ ነን። ዛሬ ብዙዎቹ በእስራኤል አገር የሚኖሩት የቤተ እስራኤል ወገኖችም በዚህ ስም ብዙ ዘመን ተሰድበዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ባለ እጁን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ደርሶ ነበር። የምንበላበትን ድስት፥ የምናርስበትን ማረሻ የሠራልንን ሰው ጅብ ብለን፥ በሠራው ድስት በልተን ከእርሱ ጋር ግን አንበላም ነበር።

በዚህም ከነቃፊዎቹ ወገን ሳይሆን ከበደለኞቹ ወገን ነኝ። ደበሎ ለብሼ አኮፋዳ ይዤ ቅኔ በምቈጥርበት ዘመን፥ የተማሪ ልማድ እንደ ሆነ፥ በእመቤታችን ስም እያልሁ በየደጁ እለምን ነበር። አንድ ቀን ከመንደር ዳር ባለች ጎጆ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ወጥታ በሁለት እጇ ትኩስ እንጀራ ሰጠችኝ። ጓደኞቼ «የቡዳ እንጀራ ነው፥ ይበላሃል» አሉኝ። እኔም እያየችኝ ጣልሁት። ሴቲቱ ምንም አልተናገረችም፤ እንጀራውን አንሥታ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ። የበላዔ ሰብእን ታሪክ በቃሌ ካወቅሁ በኋላ ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። በእመቤታችን ስም ተለምና የሰጠችው እርሷ ናት፤ የጥርኙን ውኃ የደፋሁት እኔ ነኝ። በዚያ ደጅ ላይ አውሬው ማን ነበር?

አሁን ወደ ልጁ መጽሐፍ ልመለስ። አባትየው እጅግ ያስቈጣውን አንድ ገጽ ተርጕሞ ልኮልኝ ነበር። በዚያ ገጽ ላይ ተኩላው ሰው በሌሊት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆሞ የማሕሌቱን ድምፅ፥ ከበሮውንና ጸናጽሉን ይሰማል። ዜማውን ያውቀዋል፤ በልጅነቱ በዚያ ሲያገለግል አድጓልና። ለመግባት እጁን በበሩ ላይ ያኖራል። እጁ ግን ጠጕር ለብሶ፥ ጥፍር አውጥቶ ያየዋል። በውስጥ ያሉትን ሕፃናት እንዳያስደነግጥ ብሎ ተመልሶ ይሄዳል። አባትየው «ቤተ ክርስቲያንን በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ማግባቱ ድፍረት ነው» ብሎ ጽፎልኛል። እኔ ግን ድፍረቱን ፈልጌ አጣሁት። ያየሁት በደጅ ሆኖ የሚናፍቅ ሰው ነው። ለሕፃናቱም የሚራራ ነው። ልጁ ማሕሌቱን ባይወድ ኖሮ ተኩላውን በሌላ ስፍራ ባቆመው ነበር።

ለወዳጄ የመለስሁለት ቃል ይህ ነው።

አንደኛ፥ መጽሐፉን አታቃጥል። በወረቀት ያለውን ብታቃጥል የተሸጠው አይመለስም፤ የልጅህ ልብ ግን ከወረቀቱ ጋር ይቃጠላል። ይልቁንስ «ልጄ፥ አንብብልኝ» በለው። የማትስማማበት ስፍራ ላይ ስትደርስ አልስማማም በለው፤ ግን እስከ መጨረሻው ስማው።

ሁለተኛ፥ ልጁን ከቤት አታስወጣ። በማርቆስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ በመቃብር መካከል ይኖር የነበረውን ሰው አስብ። ልጅህ ጋኔን አለበት ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ሁሉ በአንድ ቃል ጋኔን ነው ብሎ ማለፍ የሰነፍ መምህር መልስ ነው። ልብ እንድትለው የምፈልገው ጌታችን ያደረገውን ነው። ሰዎች በሰንሰለት ያሰሩትን እርሱ ስሙን ጠየቀው፤ በመጨረሻም ወደ ቤቱ፥ ወደ ዘመዶቹ ሰደደው። ጌታ ከመቃብር ወደ ቤት የላከውን መንገድ አንተ ከቤት ወደ መቃብር አታዙረው። እውነተኞቹ ደም መጣጮች በመጽሐፍ ውስጥ አይደሉም፤ ቤት የሌለውን ወጣት በመንገድ ላይ የሚጠብቁት ናቸው።

ሦስተኛ፥ ትምህርቱን አትሸሽግበት። ነገር ግን ነገርን በሥርዓቱ አድርገው። አስቀድሞ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው መሆኑን፥ አንተም አባቱ መሆንህን ይስማ። ይህን ያልሰማ ጆሮ ሌላውን አይሰማም።

ለወንድሞቼ ለካህናትም አንድ ቃል አለኝ። ቆመን የምናስተምርበትን ስፍራ አባቶቻችን አውደ ምሕረት ብለው ሰይመውታል፤ የምሕረት አደባባይ ማለት ነው። በዚያ ቆመን ስለ እነዚህ ሰዎች ስንናገር የአውሬ ስም ብንጠራ፥ ከሚሰሙን መካከል ማን እጁን እየተመለከተ ከበሩ እንደሚመለስ አናውቅም። ስብከታችን እውነት መሆኑ አይበቃም። እውነቱን ወደ ሰው የሚያደርስ ፍቅር ከሌለው በደጅ ይቀራል።

ለጸሐፊዎቹም፥ ይህ ጽሑፍ ከእጃቸው ቢደርስ፥ የምለው አጭር ነው። ሰዎች አውሬ ባሏችሁ ጊዜ አውሬውን ሰው አድርጋችሁ ለመሳል ደክማችኋል። በዚህ ድካማችሁ ውስጥ ያለውን ልቅሶ ሰምቻለሁ። ነገር ግን የማይሞት ሰው ለማግኘት የሌሊቱን መንገድ ሁሉ መዞር የለባችሁም። የማንንም ደም ሳይወስድ የራሱን የሰጠ አንድ አለ፤ እርሱም አውሬ ከተባሉት ጋር ይቀመጥ ስለ ነበር ተነቅፏል።

ከፋሲካ በኋላ ወዳጄ አጭር መልስ ላከልኝ። ልጁ ማታ ማታ እያነበበለት ነው፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሰዋል። «የማልስማማበት ብዙ ነው፤ ከአንድ ቤት ስንኖር ያላወቅሁትም ብዙ ነው» ይላል። ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለሁለቱም ልኬላቸው ነበር፤ አባትም ልጅም ስማቸው ሳይነሣ እንዲወጣ ፈቅደዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።